የወረዳችንን ስደት እንዴት ልተንብይ? አለቃዬ አንድ ቁጥር ብቻ ነው የሚፈልገው

ወሎዬው_ፕላን ጠየቀ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ደቡብ ወሎ ውስጥ በአንድ ወረዳ ፕላን ጽሕፈት ቤት ነው የምሠራው። የተማርኩት ኢኮኖሚክስ ነው። ስለ ሥነ ሕዝብ አንድ ኮርስ ወስጄ ነበር፤ እሱንም ረስቼዋለሁ።

የአምስት ዓመት ዕቅድ እያዘጋጀን ነው። አንዱ ሠንጠረዥ «ወደ ውጭ አገር የሚሄድና ከውጭ የሚመለስ ሕዝብ» ይላል። ለእያንዳንዱ ዓመት አንድ ሳጥን አለ። አለቃዬ ሳጥኑ ውስጥ የሚገባ አንድ ቁጥር አምጣ ይለኛል። «ከዚህ እስከዚህ» ብዬ ሳቀርብለት «የበግ ዋጋ ነው እንዴ የምትነግረኝ?» አለኝ።

በእጄ ያለውን ልንገራችሁ። የሕዝብ ቁጥራችን እስካሁን ከ1999ኙ ቆጠራ ተነስተን በየዓመቱ በመቶኛ እያሳደግን የምናመጣው ነው። አራተኛው ቆጠራ በ2010 ይካሄዳል ተብሎ ነበር። ሲራዘም፣ ሲራዘም ይኸው እዚህ ደርሰናል። በኮንትራት ለመሄድ የተመዘገቡ ሰዎች ዝርዝር አለ። በባሕር የሚሄደውን ግን ማንም አይመዘግበውም። ለደላላ ከፍሎ ሌሊት በአፋር፣ በሎጊያ በኩል የሚያልፍ ልጅ ቀበሌ መጥቶ መሸኛ አይጠይቅም። የተመላሾች ፋይልም ነበረን፤ ከጦርነቱ ወዲህ ግማሹ የለም።

ባለፈው ዕቅድ ላይ «ሕገወጥ ፍልሰትን በ80 በመቶ መቀነስ» የሚል ዓረፍተ ነገር አለ። አለቃዬ አሁን የሚለኝ «ከአምናው ቁጥር ላይ 80 በመቶውን ቀንስና የቀረውን ሙላ፤ ትንበያ ማለት እሱ ነው» ነው። ልቤ አልተቀበለውም። ግን ምን ብዬ እንደምከራከረው አላወቅሁም።

እንዲህ ያለውን ነገር በትክክል የተነበየ አገር አለ? ካለስ እንዴት አድርጎ? የሚሄደውና የሚመለሰው ሰው ትምህርት ቤቱን፣ ገበያውን፣ የቤት መሥሪያ ቦታ ጥያቄውን እንዴት እንደሚለውጥስ በምን ላስላው? ያለኝ ኤክሴል ብቻ ነው። እሱም መብራት ሲኖር።

ዲቪ_ለ14ኛ_ጊዜ መለሰ፦

እኔ 14 ጊዜ ዲቪ ሞልቻለሁ። በየዓመቱ የምተነብየው «ዘንድሮ ይደርሰኛል» ብዬ ነው። 14 ጊዜ ተሳስቻለሁ። ስለዚህ ከእኔ ምክር አትቀበል።

ግን አንድ ቁም ነገር ልጣል። የዲቪን የሰው ብዛት መገመት ከሌላው ይቀላል፤ ሕጉ ጣሪያ አስቀምጦለታላ። በዓመት ቢበዛ 55 ሺህ ቪዛ ነው፣ አንድ አገር ደግሞ ከ7 በመቶ በላይ አይወስድም። በአምስት ዓመት ውስጥ ከ50 ሺህ በላይ ሰው በሌላ መንገድ አሜሪካ ያስገባ አገር ከዕጣው ይወጣል። ናይጄሪያ ከዲቪ 2015 ጀምሮ የወጣችው በዚህ ነው። ስንት ሰው መሄድ እንደሚፈልግ ለስሌቱ ምንም አይጨምርም። የሚፈልገውማ ሁላችንም ነን።

የሆጤዋ_ከለንደን_ማዶ መለሰች፦

ወንድሜ፣ ሰላም ላንተ ይሁን። የደሴ ልጅ ነኝ፣ ሆጤ ነው ያደግሁት። እንግሊዝ ከገባሁ ሃያ ሰባት ዓመት አለፈኝ። ከለንደን ወጣ ብላ ባለች አንዲት ከተማ፣ ማዘጋጃ ቤት ውስጥ፣ የትምህርት ቤት ቦታ ትንበያ ነው ሥራዬ። ከአራት ዓመት በኋላ ትምህርት የሚጀምር ስንት ሕፃን ይኖራል ብዬ ቁጥር እሰጣለሁ። ከተሳሳትኩ ልጆች ኮሪደር ላይ ይማራሉ። (ዓመተ ምሕረቶቼ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው፤ እንዳትደናገር።)

ጥያቄህን በቀጥታ ልመልስልህ። በትክክል የተነበየ አላውቅም። ትልልቅ ሰዎች፣ ትልልቅ ኮምፒውተር ይዘው ተሳስተዋል። ስሕተቱ የሚገባበት በር ግን ይታወቃል። በስሌቱ በኩል አይገባም። ስሌቱ ከመጀመሩ በፊት «ይህ እንዲህ ይሆናል ብለን እንያዝ» በተባለው በኩል ነው የሚገባው።

እኔ በዓይኔ ያየሁትን ልንገርህ። በግንቦት 2004 አሥር አገሮች የአውሮፓ ኅብረት አባል ሆኑ። ስምንቱ የምሥራቅ አውሮፓ አገሮች ናቸው፣ ፖላንድ ትልቋ ናት። የእንግሊዝ መንግሥት ከአንድ ዓመት በፊት የለንደን ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ምሁራንን «ስንት ሰው ይመጣብናል?» ብሎ ጠይቆ ነበር። መልሱ፣ የሚመለሰው ተቀንሶ፣ በዓመት ከ5 ሺህ እስከ 13 ሺህ ሰው የሚል ነው። የያኔው አለቃዬ 13 ሺህን ሰሌዳ ላይ ጻፈና ለከተማችን አካፈለው። አንድ አውቶቡስ የማይሞላ ሰው ወጣ። በዚያ ላይ የወሊድ ቁጥር ዝቅ ብሎ የከረመበት ጊዜ ነው። እኛም ሁለት ክፍል ዘጋን፤ የዘጋንበትን ደብዳቤ የተየብኩት እኔ ነኝ።

ከዚያ መጀመሪያ የተለወጠው የቪዲዮ ኪራይ ሱቁ ነው። ተዘጋና የፖላንድ ቋሊማና ጎምዛዛ ጎመን መሸጫ ሆነ። ቀጥሎ እኛ ሐበሾች ለጉባኤ የምንከራያት የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን አለች። ቄሱ መጡና «ሰዓታችሁን ልናሸጋሽግ ነው፤ የፖላንድ ቅዳሴ ጨምረናል» አሉን። ከጥቂት ወር በኋላ «ሦስተኛ ጨምረናል» አሉን። እኛ ወደ ማታ ተገፋን። ከዚያ መስከረም ሲጠባ የካቶሊክ ትምህርት ቤቷ ርእሰ መምህርት ደወለችልኝ። እንግሊዝኛ የማይችሉ 11 ልጆች ባንድ ሳምንት ተመዝግበዋል፣ ወንበር የለኝም ብላ። እኔ ለአለቃዬ ነገርኩት። ሰሌዳውን እያሳየኝ «ቁጥሩ እንዲህ አይልም» አለኝ።

የሕዝብ ቆጠራው ሲመጣ ነገሩ ለይቶ ወጣ። በእንግሊዝና ዌልስ የፖላንድ ተወላጆች በ2001 ወደ 58 ሺህ ነበሩ። በ2011 ወደ 579 ሺህ ሆኑ። እኛ ደግሞ በዘጋናቸው ክፍሎች ፋንታ ግቢ ውስጥ ተገጣጣሚ ክፍል በክሬን ስናስገባ ከረምን።

ምሁራኑ ሰነፎች አይደሉም፤ ሰው ሁሉ ሲስቅባቸው እኔ አዝንላቸዋለሁ። ሁለት ነገር ነው የጣላቸው። አንደኛ፣ ከፖላንድ ወደ እንግሊዝ ሰው እንደልቡ ገብቶ ስለማያውቅ የሚነሡበት ያለፈ መረጃ የለም። ከሌሎች አገሮች ልምድ ተበድረው ነው የሠሩት። ሁለተኛዋ ናት ዋናዋ። ጀርመንም ሌሎቹም በራቸውን አብረው ይከፍታሉ ብለው ያዙ። ጀርመን ግን እስከ 2011 ዘጋች። ከነባሮቹ የኅብረቱ አገሮች ወዲያው የከፈቱት እንግሊዝ፣ አየርላንድና ስዊድን ብቻ ናቸው። ጎረቤቱ ጀርመን የነበረ ሰው አውሮፕላን ተሳፍሮ ወደ እኛ መጣ። የጀርመን ነገር ወረቀቱ ውስጥ ተጽፎ ነበር። አለቃዬ ሰሌዳ ላይ ሲገለብጥ ግን እሷን አልገለበጣትም።

የሚገባውን ሰው የመቁጠሩ ሥራም ራሱ ጉድ ነበረበት። መንግሥት ያኔ የሚገባውን ሰው የሚገምተው ወደብና ኤርፖርት ላይ መንገደኛ እያስቆመ በመጠየቅ ነበር። ጠያቂዎቹ በብዛት የሚቆሙት ሂትሮው፣ ጋትዊክና ዶቨር ነበር። ፖላንዶቹ በርካሽ በረራ ሉተንና ስታንስቴድ ይወርዳሉ! ከ2011ዱ ቆጠራ በኋላ ሒሳቡ ሲመረመር በአሥር ዓመት ውስጥ 346 ሺህ የተጣራ ገቢ ሰው (ከገባው ላይ የወጣው ተቀንሶ) ሳይቆጠር ቀርቷል። ያንተ የሎጊያ ልጅ ማለት ነው እንግዲህ። ስላው የምትባል ከተማ አስተዳደር ማዕከላዊውን ስታቲስቲክስ መሥሪያ ቤት በአደባባይ ተሟግቷል። ያንተ ግምት ሌላ፣ አዲስ የሥራ መለያ ቁጥር ያወጣው ሰው ብዛት ሌላ ብሎ።

አሁን ደግሞ ግልባጩን ስማ። ሮማኒያና ቡልጋሪያ በ2007 ገቡ፤ እንግሊዝ ግን ከ2004 ተምሬያለሁ ብላ ለሠራተኞቻቸው እስከ ጥር 2014 ገደብ አቆየች። ገደቡ የሚነሣበት ቀን ሲደርስ ጋዜጣው ሁሉ «ጎርፍ መጣ» አለ። በዚያች ጠዋት ጋዜጠኞች ሉተን ኤርፖርት ተሰልፈው ጠበቁ። ሁለት የፓርላማ አባላትም ሄደው ነበር። የወረደው ሰው ከካሜራው ብዛት አይበልጥም ተብሎ ተሳቀ። ትንበያው ውሸት ነው ተባለ። እኔም ስቄያለሁ። የ2021 ቆጠራ ሲወጣ ግን የሮማኒያ ተወላጅ በ2011 ከነበረበት ወደ 80 ሺህ ተነስቶ ወደ 539 ሺህ ደርሷል። ሰው በአንድ ጠዋት አይመጣም። አንዱ ይመጣል፣ ቤት ይከራያል፣ ወንድሙን ይጠራል።

እና ያለፈውንም ቢሆን ተቆጥሮ አለቀ አትበል። እስከ ሰኔ 2023 በነበረው አንድ ዓመት ወደ እንግሊዝ የገባው የተጣራ ቁጥር መጀመሪያ 672 ሺህ ተባለ። ከዓመት በኋላ ያው ዓመት 906 ሺህ ነው ተብሎ ታረመ። ወደ ኋላ ሲቆጥሩ እንኳን ይህን ያህል ካራቀ፣ ወደፊት ሲሆንስ?

ስለዚህ ለአለቃህ የምትለው ይህ ነው። 80 በመቶ መቀነስ ዕቅድ ነው። ዕቅድ የምንፈልገው ነው፣ ትንበያ ፈለግንም አልፈለግንም የሚመጣው ነው። ሁለቱን አንድ ሳጥን ውስጥ ከከተትካቸው፣ የዛሬ አምስት ዓመት ልጆቹ ክፍል ሲያጡ የሚጠየቀው የሳጥኑ ጸሐፊ ነው። ማለት አንተ።

ኑሮው ላይ ስለሚያመጣው ለውጥ ልጨምርልህ ብዬ ነበር፣ ባቡሬ ደረሰ። ማታ እመለሳለሁ።

ወሎዬው_ፕላን መለሰ፦

እትዬ፣ እግዜር ይስጥልኝ። የርስዎን ጽሑፍ አትሜ ኪሴ ውስጥ አድርጌዋለሁ።

ጀርመንን ሳነብ ምን ታሰበኝ መሰለዎት፤ የኛ ጀርመን ሪያድ ናት። በ2006 የሆነውን ያኔ ተማሪ ሆኜ አይቻለሁ። ሳዑዲ አስወጣለሁ ስትል መጀመሪያ የሚወራው በአሥር ሺዎች ነበር፤ በጥቂት ወር ከ160 ሺህ በላይ ሰው ገባ። ኮምቦልቻ መናኸሪያ ልብሱ የሳዑዲ፣ ጫማ የሌለው ሰው ሞልቶ ነበር። ያን ጊዜ በየወረዳው ዕቅድ ውስጥ «ተመላሽ» የሚል ሳጥንም ያለ አይመስለኝም።

አንድ ነገር ግን ዛሬ ቢሮ ቁጭ ብዬ አየሁ። ሳዑዲ ያኔ ከማባረሯ በፊት ሰባት ወር ያህል የምሕረት ጊዜ ሰጥታ ነበር። በ2009ም መጀመሪያ ምሕረት አወጀች፣ ከዚያ በሁለት ዓመት ገደማ ውስጥ እንደገና ከ250 ሺህ በላይ ሰው ተመለሰ። ስለዚህ ሪያድ ምሕረት ስትል እኛ ክፍልና መድኃኒት ማዘጋጀት ነበረብን ማለት ነው? ወይስ የማይገናኝ ነገር እያገናኘሁ ነው?

ከጅዳ_የተመለስኩ መለሰች፦

ምንም አላጣመምክም። እኔ ከ160 ሺዎቹ አንዷ ነኝ።

እኛ ምሕረቱን ሰምተናል። የሰማ ሁሉ ግን አልወጣም። ማዳሜ ደመወዝ አልከፈለችኝም፣ የአራት ወር። ባዶ እጄን ወጥቼ እናቴን ምን እላታለሁ? ምሕረቱ ሲያልቅ ነው መደብደብ የመጣው። ያኔ ሁሉም ባንዴ ወጣ። እናም ማስታወቂያው ሲነገር የሚመለስ ጥቂት ነው፤ የሚጎርፈው ቀኑ ሲያልፍ ነው። ይህን ጻፍበት።

ቁጥሩን ደግሞ እንዲህ በቀላሉ አትመነው። እኔን ቦሌ ላይ ጻፉኝ። የተኛንበት ማረፊያ ውስጥ እንደገና ጻፉኝ። ዞን ስደርስ ሦስተኛ ጻፉኝ። እኔ አንድ ሰው፣ ሦስት መዝገብ። አንዱ ላይ የአባቴን ስም ተሳስተዋል፤ ስለዚህ ሁለት ሰው እሆናለሁ።

ሌላው፣ የተመለሰ ሁሉ ቀረ ብለህ እንዳትደምር። ከኛ ቀበሌ ዘጠኝ ሴቶች ነን አብረን የገባነው። መንግሥት በዚያው ሰሞን ወደ ዓረብ አገር ለሥራ መሄድ ከልክሎ ነበር። ክልከላው እግር አያስርም። ስድስቱ በባሕር ተመልሰው ሄዱ፣ በጅቡቲዋ ኦቦክ፣ በየመን። አንዷ አልደረሰችም። የተከለከለ ጊዜ የሄደ ሰው መዝገብ ላይ የለም፤ ወረቀት የሚያይ «ስደት ቀነሰ» ይላል። አለቃህ የሚወደው 80 በመቶ እንዲህም ሊገኝ ይችላል።

ገንዘቡን በተመለከተ፦ እኔ እዚያ ሳለሁ ወንድሜ በላክሁለት ባጃጅ ገዛ፤ ገና ዕዳው አላለቀም ነበር። ቤታችን ቆርቆሮ ለበሰ። እኔ ስመለስ ባንድ ቀን ሁለት ነገር ሆነ፤ በቤቱ አንድ አፍ ተጨመረ፣ የሚገባው ብር ቆመ። ባጃጁ ተሸጠ። ገበያ ላይ ያየሁትም ይሄንኑ ነው። የሳዑዲ ብር ሲቀር መጀመሪያ የወረደው የሲሚንቶና የቆርቆሮ ሽያጭ ነው፣ ከዚያ በግ። ጤፍ አልወረደም።

ሰውን «መሄድ ትፈልጋለህ ወይ?» ብለህ አትጠይቅ። ሁሉም አዎ ይልሃል። «እዚያ ማን አለህ?» በለው።

ቁጥር_ወዳጅ መለሰ፦

እህቴ ያለችው ከማንም ጥናት ይበልጣል። እኔ የወረቀቱን ጎን ልጨምር፤ አዲስ አበባ ስታቲስቲክስ አስተምራለሁ።

የወረዳህ ዕቅድ «ሥራ ስንፈጥር ስደት ይቀንሳል» ይላል አይደል? ሁሉም ዕቅድ ይላል። ማይክል ክሌመንስ የተባለ ኢኮኖሚስት የብዙ አገሮችን መረጃ አይቶ ያገኘው ሌላ ነው። ድኻ አገር ገቢው ሲያድግ በአብዛኛው ስደቱ ይጨምራል እንጂ አይቀንስም። የሚቀንሰው የነፍስ ወከፍ ገቢ፣ በአገሮች የኑሮ ዋጋ ልዩነት ተስተካክሎ፣ ወደ 10 ሺህ ዶላር ገደማ ካለፈ በኋላ ነው። እኛ ከዚያ በጣም ሩቅ ነን። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ የመጨረሻው ድኻ የደላላ መክፈያ የለውም። ሥራ መፍጠሩ ይቅር እያልኩ አይደለም። ሥራ ይፈጠር፤ ብቻ ትንበያው ውስጥ እንደ መቀነሻ እንዳትጠቀምበት።

በርግጠኝነት የምታውቀው አንድ ነገር አለህ፣ ዕድሜ። በየትኛውም አገር ስደተኛ በብዛት ወጣት ነው፣ በሃያዎቹ መጀመሪያ ይበዛል፣ ከዚያ ይወርዳል። ከአምስት ዓመት በኋላ ሃያ ዓመት የሚሞላው ልጅ ዛሬ አሥራ አምስት ዓመቱ ነው። ሰባተኛና ስምንተኛ ክፍል ቁጭ ብሏል፤ ስሙ መዝገብህ ላይ አለ። ቆጠራ ባይኖርም እሱን መቁጠር ትችላለህ። ከዚያ ተነሥና ባለፉት ዓመታት ከመቶው ስንቱ እንደሄደ ከጥቂት ቀበሌ አጣራ።

ስለ ሐዋላ አንድ ማስጠንቀቂያ። ባንክ የገባ ዶላር ጨመረ ማለት ሰው ጨመረ ማለት አይደለም። ከሐምሌ 2016 ወዲህ የምንዛሪው ዋጋ በገበያ ሲወሰን በጥቁር ገበያ ይመጣ የነበረው ብዙ ገንዘብ ወደ ባንክ ዞሯል። ላኪው ያው ነው፣ መንገዱን ነው የቀየረው።

የሆጤዋ_ከለንደን_ማዶ መለሰች፦

ተመለስኩ። የጅዳዋ እህቴ፣ ሦስት ጊዜ የተጻፍሽው ነገር ልቤን ነካው። እኔም እዚህ ስገባ የልደት ቀኔን ተሳስተው አሁንም ሁለት ዕድሜ አለኝ።

ልጄ፣ ስለ ምሕረቱ ያየኸው ትክክል ነው። «የኛ ጀርመን ሪያድ ናት» ያልከውን ሠንጠረዥህ ላይ ጻፈው፣ በሥነ ሥርዓት ቋንቋ። አሁን ሒሳቡን ልሥራልህ። ቁጥሮቹ ለምሳሌ ያህል የፈጠርኳቸው ናቸው፤ ያንተን አስገባበት።

ከወረዳህ በዓመት 400 ወጣት ሴቶች ይወጣሉ እንበል። በአምስት ዓመት 2 ሺህ ናቸው። ግማሹ በመካከሉ ይመለሳል ብለህ ያዝ፤ 1 ሺህ ሴት ውጭ ናት። በዚያ ዕድሜ ያለች ሴት አገር ቤት ብትሆን ከአምስቷ አንዷ በዓመት ትወልዳለች ብንል፣ በዓመት 200 ሕፃን ሳይወለድ ቀረ። ሰባት ዓመት ሲሞላ አንደኛ ክፍል ላይ 200 ልጅ ይጎድላል። በክፍል 50 ተማሪ ብትይዝ አራት ክፍል ነው። አሁን ሪያድ በሯን ዘጋች እንበል። ያቺ 1 ሺህ ሴት ባንድ ዓመት ተመለሰች። ብዙዎቹ ያገባሉ፣ የዘገየው ወሊድ ባንዴ ይመጣል፣ ልጅ ይዘው የሚመጡም አሉ። አራቱ ክፍል ይጎድላል ያልከው ተገልብጦ አምስት ስድስት ክፍል ይጨመራል። ለዚህ ነው አንድ ቁጥር የማይበቃው። አማካዩን ብትወስድ በሁለቱም በኩል ትሳሳታለህ።

ስለዚህ ሦስት መስመር ጻፍ። ኮንትራቱ ቢሰፋ፣ በሩ እንዳለ ቢቀጥል፣ ድንገት ቢዘጋና ቢመለሱ። ለአለቃህ መካከለኛውን ሳጥን ውስጥ አግባለት፣ ሰው ነው፣ ቅጹን መሙላት አለበት። ሥሩ ግን ታሳቢውን ጻፍ።

የእንግሊዙ ትምህርትም ለኑሮው ጥያቄህ ይሆናል። ብዙ ተፈርቶ የነበረው የደመወዝ መውደቅ ነው። መንግሥት ያቋቋመው የፍልሰት አማካሪ ኮሚቴ በ2018 ባወጣው ግምገማ በጠቅላላው ደመወዝ ላይ ያደረሰው ጫና ትንሽ ነው፣ ከአውሮፓ የመጡት የከፈሉት ግብርም ከወሰዱት ይበልጣል አለ። ያ ግብር ግን ዋናው ግምጃ ቤት ነው የሚገባው። ወንበር ያጣው የኔ ከተማ ነው። በ2011 በእንግሊዝና ዌልስ ከተወለዱት አራት ሕፃናት አንዱ እናቱ ውጭ አገር የተወለደች ነበረች፤ አዋላጅና ወንበር ፈልጎ ለማምጣት ደግሞ ዓመታት ይፈጃል። የሚጎዳው ድንገቴነቱ ነው። ያንተም ወረዳ እንዲሁ ነው። ሐዋላው ቆርቆሮና ባጃጅ ይሆናል፣ የቤት መሥሪያ ቦታ ያስወድዳል። ተመላሹ ሲመጣ ግን ጤና ጣቢያው በር ላይ የሚሰለፈው የዚያኑ ሳምንት ነው።

ቆጠራ ከሌለህ ምልክት ያዝ። እኔ ዛሬም የፖላንድ ሱቅ ሲዘጋ ማስታወሻ እይዛለሁ። አንተ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞቹ የቤተሰብ ማኅደር አለልህ፤ በየቤቱ ማን እንዳለ ማን እንደሌለ ከነሱ በላይ የሚያውቅ የለም። ግን «ማን ሄደ?» ብለህ በወረቀት አትጠይቃቸው፣ ቤተሰቡ ይፈራል፣ እነሱንም ቤት አያስገባቸውም። ብዛቱን ብቻ ውሰድ፣ ስም አትንካ። ከዚያ ከስምንተኛ ክፍል ትምህርት የሚያቋርጠው ልጅ ብዛት፣ የሲሚንቶ ነጋዴው ሽያጭ፣ የደላላ ዋጋ። አራቱ ባንድ ወር ወደ አንድ ጎን ከዞሩ፣ ማንም ሳይነግርህ አንድ ነገር ተለውጧል።

ወሎዬው_ፕላን መለሰ፦

ሳምንት ቆየሁ፣ ይቅርታ። ሦስት ቀበሌ ሄጄ ነበር።

አንዷ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ማኅደሩን ሳትከፍት በቃሏ ቆጠረችልኝ። በጎጥ በጎጥ። እኔ ቢሮ ካለኝ ዝርዝር እጥፍ ገደማ ሆነ። ስትጨርስ «እኔም በጥር እሄዳለሁ፣ እኔንም ጨምረኝ» አለችኝ። መጀመሪያ ቀልድ መስሎኝ ነበር።

ሠንጠረዡን ሦስት መስመር አድርጌ አቀረብኩ። አለቃዬ ረዘም አድርጎ አየው። «ሪያድ የኛ ወረዳ ናት እንዴ?» አለኝ። በ2006 እርሱ ራሱ መናኸሪያ ላይ ተመላሽ ሲመዘግብ እንደነበር ያን ጊዜ ነው የነገረኝ። መመዝገቢያ ቅጽ አልቆባቸው በተማሪ ደብተር ላይ ጽፈዋል። ከዚያ ዝም አለና መካከለኛውን ብቻ ሳጥኑ ውስጥ አስገባ፣ 80 በመቶዋ ግብ ወደሚለው ገጽ ትሂድ አለ። ሁለቱ መስመርና የሪያድ ታሳቢ ከሠንጠረዡ ሥር እንዲቆዩ ፈቀደልኝ፣ ግን በትንሽ ፊደል። ስምንት ቁጥር።

የሆጤዋ_ከለንደን_ማዶ መለሰች፦

አብሽር። ስምንት ቁጥርን አለቃህ አያነበውም፤ የኔም አለቃ አላነበበውም። የመጨረሻውን ቅጂ አንተ ነህ አይደል ለኅትመት የምትልከው? አሥራ ሁለት አድርገው።